ሳይጠፋ የማይነኩት አቶ አባይነህ

ኤሌክትሪክን እንደ ጅብ የሚፈራ ሰው የሌለበት ከተማ የለም። ሰማዩ ሲያጉረመርም የራሱን ሬዲዮ ይነቅላል፣ ሄዶ የጎረቤቱንም ያስነቅላል፤ አንድ አምፖል ለመቀየር ከቆጣሪው ያስጠፋል። የሚገርመኝ፣ መንግሥት ይህን ሰው ፈልጎ ፈልጎ የሚቀጥረው ኤሌክትሪክ ያለበት ቦታ ላይ ነው።

የእኛው፣ የዘመሮው፣ ክቡር አቶ አባይነህ የስልክ ቤቱ ቴክኒሺያን ነበሩ። ሞባይል ገና ዳገታችንን አልወጣም፤ የከተማው ድምፅ ሁሉ የሚያልፈው እሳቸው በሚጠብቁት አንድ የብረት ሣጥን ውስጥ ነው። «ሳይጠፋ አይነካም!» ይላሉ ክቡርነታቸው፤ አቧራ ለመጥረግ ከተማውን ዲዳ ያደርጉታል። ባለቤታቸው ወይዘሮ ጠጄ «ሠርጋችን ዕለት ፎቶ አንሺው ብልጭ ሲያደርግበት ሚዜው ጀርባ ተደበቀ» ትላለች።

ሣጥኑ ውስጥ ኃይል የሚያቀብሉ ሁለት ካርዶች ነበሩ። አንደኛው ተቃጠለ። ምትኩ ከአዲስ አበባ ሲመጣ «ማሽኑ ሳይጠፋ ይሰካ» የሚል ትእዛዝ ነበረው። ካርዱ ጥግ ላይ ጥፍር የምታህል ቺፕ አለች፤ ሥራዋ ኤሌክትሪኩ ተንደርድሮ እንዳይገባ በሩ ላይ ይዛ ቀስ በቀስ ማሳለፍ ነው።

«ይቺ ናት እኔን የምታድነኝ?» አሉ አቶ አባይነህ። በአንድ ካርድ የቀረውን ማሽን ማጥፋቱንም ፈሩት፤ ባትሪው አርጅቷል፣ ማሽኑ አንዴ ከጠፋ ላይነሳ ይችላል። ካርዱ ካርቶኑ ውስጥ ከረመ።

ልጄ ጽናት ደብረ ብርሃን ሆስፒታል ምጥ የጠናባት ዕለት ስልክ ቤቱ ነበርኩ። ተገኘ የሚባለው ባሏ መስመሩ ላይ ነው። «አባባ፣ ኦፕራሲዮን ክፍል አስገቧት። ሐኪሙ አሁን ይወጣል፣ እንዳይዘጉት!»

ያን ጊዜ ሣጥኑ ይጮኽ ጀመር። ሸክሙን ብቻውን ይዞ የከረመው ካርድ ግሏል። የተቃጠለ ፕላስቲክ ሸተተኝ።

«ጋሼ መርስዔ፣ ላጥፋው!» አሉ አቶ አባይነህ፤ እጃቸው ማጥፊያው ላይ ነው።

«አቶ አባይነህ... ልጄ እዚያ ናት።»

በዩኒቨርሲቲ ዘመኔ ስለ ሞት ብዙ አንብቤያለሁ፤ ያን ዕለት አንዱም ትዝ አላለኝ።

እጃቸውን ከማጥፊያው አነሡ። ሱፍ የራሱን ብልጭታ ካርዱ ላይ ይተኩሳልና በርኖሳቸውን አወለቁ። በዘመሮ ብርድ በርኖሱን ያወለቀ ሰው ይንቀጠቀጣል፤ ከብርዱ ይሁን ከፍርሃቱ መለየት አቃተኝ። አዲሱን ካርድ ከካርቶኑ አወጡ።

«ጋሼ መርስዔ፣ ከወደቅኩ ለጠጄ ደፍሮ ነው እንዳይሏት። አታምንም።»

«ምን ልበላት?»

«ተሳስቶ ነው ይበሏት።»

አማተቡ፣ ዓይናቸውን ጨፍነው በተቃጠለው ካርድ ቦታ ገፉት። ብልጭ ያለ ነገር የለም። አረንጓዴ መብራት ፈዘዝ ብሎ ጀመረና ደመቀ። ጩኸቱ ቆመ። መስመሩ አልተቆረጠም፤ በጆሮዬ የቀረው የአማቼ የተገኘ ትንፋሽ ብቻ ነው። ከዚያ፣ «አባባ! ሁለቱም ደህና ናቸው!»

አቶ አባይነህን ላቅፍ ብዞር ወለሉ ላይ ቁጭ ብለዋል። እኔም አጠገባቸው ተቀመጥኩ።

ዛሬ በከተማችን ፍርሃት የማያውቁ ወጣት ቴክኒሺያኖች ሞልተዋል። የቤቴ ሽቦ ሲበላሽ የማስጠራው ግን አቶ አባይነህን ነው። ግማሽ ቀን ይፈጅባቸዋል። እኔም እስኪጨርሱ አጠገባቸው ቁጭ ብዬ አብሬ እፈራለሁ።