ሽምግልና በፕሮጀክተር

ፕሮጀክተር የሚባለው ዕቃ ጠባዩ አይታወቅም። ብቻችሁን ስትሞክሩት ቦግ ብሎ ይበራል። ሰው ተሰብስቦ፣ የክብር እንግዳው ጉሮሮውን ጠርጎ፣ «እንግዲህ በምስል እናያለን» የተባለ ጊዜ ግን ግድግዳው ላይ ባዶ ሰማያዊ መደብ ዘርግቶ ያፈጥባችኋል። ያን ጊዜ ነው አዳራሽ ሙሉ ሰው በአንዴ ባለሙያ የሚሆነው። አንዱ «ኬብሉን ነቅለህ ሰካው» ይላል። ሌላው «ከላይ ካሉት ቁልፎች አንዱን ነው የምትጫነው፤ የትኛው እንደሆነ ረሳሁት እንጂ» ይላል። ኋላ ወንበር ላይ ሲያንቀላፋ የነበረው ሰውዬ ደግሞ ብንን ብሎ «አጥፍተህ አብራው» ይላል፤ እውነቱን ለመናገር ከሁሉም የሚሻለው የእሱ ምክር ነው። እናንተም ከእነዚህ አንዱን እንደሆናችሁ አትካዱኝ።

እኔ ቦሌ መድኃኔዓለም አካባቢ አንድ ማሠልጠኛ ውስጥ ስለምሠራ ይህን ትርኢት በየሳምንቱ አየዋለሁ። ድሮ ፕሮጀክተር የስብሰባ ዕቃ ነበር። አሁን ሠርግ ላይ የሙሽሮቹን የሕፃንነት ፎቶ ያሳየናል፣ ካፌ ውስጥ ኳስ ያሳየናል፣ ልደት ላይ አንድ ዓመት የሞላው ልጅ ያሳለፈውን ረጅም የሕይወት ታሪክ ያቀርብልናል። ያልገባበት ቦታ ቢኖር ሽምግልና ነበር። እሱንም እኔ አስገባሁት።

ነገሩ እንዲህ ነው። የጎረቤቴ ልጅ ዮናታን ሰላም የምትባል ልጅ ወደደ። እሷም ወደደችው። የሰላም አባት አቶ ኪሮስ ይባላሉ፤ ቤታቸው ገርጂ፣ ከኢምፔሪያል ሆቴል ትንሽ ገባ ብሎ ነው፤ ጡረታ የወጡ የሒሳብ መምህር ናቸው። ልጅቷ ቁርጡን ተናግራለች። «አባዬ እሺ ካላለ አላገባም፤ እሱ አኩርፎ የሚቀመጥበት ሠርግ አልፈልግም» ብላዋለች። ሰላም ደግሞ አንዴ ያለችውን የምታጥፍ ልጅ አይደለችም፤ በዚህ አባቷን ነው የወጣችው። እንግዲህ የሁለት ሰው ኑሮ በአቶ ኪሮስ አንዲት ቃል ላይ ተንጠልጥሎ ነበር። ዮናታንም ሐሳብ ይዞት ሱሪው እየሰፋው መጣ።

ለሽምግልና የተመረጥነው ሦስት ሰዎች ነን። መሪያችን ጋሽ በቀለ ናቸው፤ የሰፈራችን እድር ሊቀመንበር፣ ስንቱን ሲያጋቡና ሲያስታርቁ የኖሩ ሰው። ሁለተኛው የዮናታን ቤተሰብ የንስሐ አባት፣ ቄስ ናቸው። ሦስተኛው እኔ ነኝ። በምን ችሎታህ ብትሉኝ በሽበቴ ነው። ጋሽ በቀለ አንድ ቀን ጭንቅላቴን ትክ ብለው አይተው «ይሄ ሁሉ ሽበት ሥራ ፈቶ መቀመጥ የለበትም» አሉኝ። በቃ፣ ሽማግሌ ሆንኩ።

መጀመሪያ የሄድን ቀን ጉዳችን ፈላ። ሽማግሌ ልጅ ሊጠይቅ ሲሄድ ቆሞ ነው የሚለምነው። የልጅቷ አባት «ተቀመጡ» ካሉ ልመናውን ተቀብለዋል ማለት ነው፤ ካላሉ ግን ቆመህ እንደገባህ ቆመህ ትወጣለህ። ሌላ ቤት ሌላ ልማድ ይኖር ይሆናል፤ ጋሽ በቀለ የሚያውቁት ሥርዓት ግን ይሄ ነው፣ ከሥርዓታቸው ደግሞ ንቅንቅ የለም። እናም ሳሎኑ ውስጥ ግድግዳው ሥር ተደርድረን ቆምን። አቶ ኪሮስ ከታላቅ ወንድማቸው ጋር ሶፋው ላይ ተቀምጠው፣ ጋሽ በቀለ የዘር ሐረግ ሲቆጥሩ፣ ቄሱ ሲመርቁ፣ ሁሉን በትዕግሥት ሰሙና አንዲት ጥያቄ ጠየቁ።

«ልጁ ሥራው ምንድን ነው?»

ጋሽ በቀለ ዞረው እኔን አዩኝ። ቄሱም እኔን አዩኝ። ዮናታን ገና ያልተሠራን ሕንፃ አልቆ የቆመ አስመስሎ በኮምፒውተር ያዘጋጃል። ቦሌ ላይ በየግንባታው አጥር የምታዩት፣ ዙሪያው ዛፍ በዛፍ የሆነ፣ ሰው ሁሉ ፈገግ ብሎ የሚንሸራሸርበት ትልቅ ምስል የእሱና የመሰሎቹ ሥራ ነው። አሁን ለእናንተ አሳምሬ ነገርኳችሁ። ያን ቀን ግን ምላሴ ተሳሰረና «ሕንፃ ይሠራል» አልኩ።

«መሐንዲስ ነው?»

«አይ፣ ሕንፃውን ሳይሆን ምስሉን ነው የሚሠራው።»

«ሠዓሊ ነዋ።»

«አይ፣ በኮምፒውተር ነው።»

«እሺ፣ ሕንፃው የት ነው ያለው?»

«ገና አልተሠራም።»

አቶ ኪሮስ መልሱን ቢያገኘው እንኳ አሠራሩን ላላሳየ ተማሪ ማርክ የማይሰጡ መምህር እንደነበሩ በኋላ ነው የሰማሁት። ወንድማቸውን አዩ፣ እኛን አዩ፣ ከዚያ ቃል በቃል እንዲህ አሉ፤ «ምን እንደሚሠራ ለማላውቀው ሰው ልጄን አልሰጥም።» ወንድማቸው «ደግ ተናገርክ» አሉ። «ተቀመጡ» የሚለን ሰው ጠፍቶ፣ እንደቆምን ወጣን።

 ኢምፔሪያል ጋ የታክሲ ሰልፍ ስንይዝ ጋሽ በቀለ «አላውቅም አይባልም እንዴ?» አሉኝ። በጣም አፈርኩ። የዮናታን ፊት ድቅን አለብኝና በአፌ ያበላሸሁትን በምን ላቃናው እያልኩ ሳምንቱን ሙሉ ሳሰላስል፣ ቢሮ ውስጥ አንጋጥጬ ፕሮጀክተሩን አየሁት። ለምን በዓይናቸው አናሳያቸውም? ጋሽ በቀለ «ሽምግልና በአንደበት ነው እንጂ በመብራት አይደለም» ብለው ክፉኛ ተከራከሩኝ። ያዳኑኝ ቄሱ ናቸው። «ቤተ ክርስቲያንስ ያላነበበውን ሕዝብ በሥዕል አይደለም እንዴ ስታስተምር የኖረች?» ሲሉ ክርክሩ አለቀ።

መሥሪያ ቤቴን አስፈቅጄ ፕሮጀክተሩን ከጣሪያ አስፈታሁ። ዮናታን ሥራዎቹን በላፕቶፕ አዘጋጅቶ፣ የቱን የት እንደምሰካ አስተማረኝ፤ ከጣሪያው ሳይፈታ ቢሮ ስንሞክረው ያልኳችሁ ዓመሉ ነውና ቦግ አለ፤ ማስተካከያውን ሁሉ እሱ እየነካካ ስለነበር ግን እኔ የተማርኩት መሰካቱን ብቻ ነው። የሚለመንለት ልጅ ከሽማግሌ ጋር አይገባምና እሱ ኢምፔሪያል አካባቢ አንድ ካፌ ውስጥ ስልኩን ይዞ ይጠብቃል። ስልክ መደወልን ሥርዓቱ አልከለከለም፤ ሥርዓቱ ሲወጣ ስልክ አልነበረማ።

እሑድ ከቅዳሴ መልስ ገባን። እንደገና እዚያው ግድግዳ ሥር ቆምን። ወንድምየውም እዚያው ሶፋ ላይ ናቸው። ጋሽ በቀለ መግቢያውን ተናግረው ሲያበቁ ወደ እኔ እያመለከቱ «ሥራውን ደግሞ ይኼ ልጅ ያሳያችኋል» አሉ። ከሽማግሌነት ወደ ልጅነት የወረድኩት በአንድ ዓረፍተ ነገር ነው።

መጋረጃው ተዘጋ። ፕሮጀክተሩን ትንሿ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጬ ከፊት ለፊታችን ወዳለው ግድግዳ አዞርኩት፣ ኬብሉን ሰካሁ፣ አበራሁት። ሰማያዊ። ነቅዬ ሰካሁት። ሰማያዊ። ላቤ ጀርባዬ ላይ ሲወርድ ይሰማኛል። ወንድምየው ከሶፋቸው ሆነው «አጥፍተህ አብራው» አሉ። አጥፍቼ አበራሁት። መጣ።

መጣ ግን ተዘቅዝቆ ነው የመጣው። የቢሯችን ፕሮጀክተር ዕድሜውን ሁሉ ጣሪያ ላይ ተገልብጦ የኖረ ስለሆነ፣ ጠረጴዛ ላይ ስታስቀምጡት ዓለምን በጭንቅላቷ አቁሞ ነው የሚያሳያችሁ። ሕንፃው ከኮርኒሱ ወደ ታች ተንጠልጥሏል። ፈገግተኞቹ ሰዎች እግራቸውን ወደ ሰማይ ሰቅለው ይንሸራሸራሉ። ወንድምየው አይተው አይተው «ሥራው ይኼ ነው?» አሉ። ጋሽ በቀለ ዓይናቸውን ጨፈኑ። እኔ ለዮናታን ደወልኩ። «ችግር የለም ጋሼ፣ ሜኑ ውስጥ ይግቡ» አለኝ። ገባሁ። ሜኑውም ተዘቅዝቋል።

አቶ ኪሮስ ይሄን ሁሉ እጃቸውን አጣጥፈው ነበር የሚያዩት። አንገቴን ጠምዝዤ የተገለበጠ ጽሑፍ ለማንበብ ስታገል ግን መምህርነታቸው አላስችል አላቸው መሰለኝ፣ መነጽራቸውን ሰክተው ብድግ አሉ። «ዞር በል እስቲ» አሉኝ። ፕሮጀክተሩን አንስተው እንዳለ በጀርባው ገለበጡት፤ ሁለት ወፍራም የሒሳብ መጻሕፍት አምጥተው ግራና ቀኙን አስደገፉት። ሕንፃው ቀጥ ብሎ ቆመ። «መቶ ሰማንያ ዲግሪ» አሉ፣ ለራሳቸው ያህል። ፊታቸው ላይ የነበረውን ደስታ ብታዩ! ይኼ ሰው እየተያዘልን ነው አልኩ በልቤ።

ግን ምስሉ ያረፈበት ግድግዳ ላይ የሰላም የምረቃ ፎቶ በትልቅ ፍሬም ተሰቅሏል። ሕንፃው ፊቷ ላይ ነው የሚወጣው። «ፎቶውን ለአፍታ ብናወርደውስ?» አልኩ።

አቶ ኪሮስ ቀስ ብለው ዞሩ። «ይቺኛዋንም ልትወስዱብኝ ነው?»

 ከጓዳው በር ጀርባ ሰላምና እናቷ ትንፋሻቸውን ውጠው እንደሚያዳምጡ ሁላችንም እናውቃለን። እኔ ምላሴን ብነክሰው ደስ ባለኝ። የዮናታን ነገር በእኔ አፍ ለሁለተኛ ጊዜ ተበላሸ ብዬ ቁርጤን አወቅሁ።

አቶ ኪሮስ ግን አልተቆጡም። ፎቶውን ትንሽ ሲያዩ ቆዩና ጎንበስ ብለው ጠረጴዛውን በሁለት እጃቸው ይዘው፣ ከነመጻሕፍቱ ከነፕሮጀክተሩ ወደ ማዶው ግድግዳ አዞሩት። ሥራዬን ስለተቀማሁ ወደ ሰልፌ ተመልሼ ነበር። ማዶ ያለው ግድግዳ ደግሞ እኛ የቆምንበት ነው።

ብርሃኑ ዓይናችን ላይ ቦግ አለ። የመዋኛ ገንዳው ጋሽ በቀለ ሆድ ላይ ተንጣለለ። እኔ ግንባር ላይ መኪና ማቆሚያ ሳይወጣ አልቀረም። ከሁሉም ጥርት ብሎ የሚታየው ነጭ ጋቢ የደረቡት ቄሱ ላይ ነው፤ ሦስት ፎቅ ከነበረንዳው ደረታቸው ላይ ቆሟል። ፈቀቅ እንዳንል በቀኝ ብፌው፣ በግራ ፍሪጁ ይዞናል። ጎንበስ ልል ስሞክር ጋሽ በቀለ በክርናቸው ጎሸም አደረጉኝና «ቀጥ በል፤ ሳይፈቀድልህ ልትቀመጥ ነው?» አሉኝ በሹክሹክታ።

አቶ ኪሮስ ሶፋቸው ላይ ተመልሰው አንገታቸውን ወዲያና ወዲህ አሉ።

«አይታየኝም እኮ፤ ከለላችሁኝ።»

«ታዲያ ምን እናድርግ፣ አቶ ኪሮስ?» አሉ ጋሽ በቀለ፣ ከገንዳው በላይ።

«ተቀመጡ።»

ጋሽ በቀለ በዚያ ዕድሜያቸው እንዲያ ሲፈጥኑ አይቼ አላውቅም። ቄሱን በጋቢያቸው ጫፍ ይዘው ሶፋው ላይ ዘጭ አሉ፤ እኔም ያገኘሁት ዱካ ላይ ዘፍ አልኩ። ከዚያ ጋሽ በቀለ ምንም እንዳልተፈጠረ ኮታቸውን አስተካክለው «እግዚአብሔር ያክብርልን። ተቀመጡ ብለውናል፣ ተቀምጠናል» አሉ።

ወንድምየው ከተደገፉበት ቀና አሉ። «ኪሮስ፣ ምን አልካቸው?»

አቶ ኪሮስ ዓይናቸውን ከግድግዳው ሳይነቅሉ «ተቀመጡ አልኳቸው» አሉ። «ከአፌ ወጥቷል እንግዲህ፤ ሽማግሌ ተቀመጥ ብዬ መልሼ ተነሣ ልበል?»

የጓዳው በር ተበርግዶ እልልታው ቤቱን ሞላው። ወንድምየውም ትንሽ አጉረመረሙና፣ እልልታው አላቆም ሲል ጊዜ እሳቸውም ሳቁ። ከዚያ በኋላ ምስሉን ያየ ሰው የለም። ምሳ ቀረበ፣ ቢራ ተከፈተ፣ ያልተሠሩት ሕንፃዎች ግድግዳው ላይ ለራሳቸው ሲፈራረቁ ዋሉ። ዮናታን ደውሎ በተሰበረ ድምፅ «ጋሼ፣ ምስሉ ተቃና?» አለኝ። «ምስሉን ተወውና ሱፍ ተለካ» አልኩት። ስልኩ ውስጥ ሲንሰቀሰቅ ተሰማኝ። 

ጋሽ በቀለ በጆሮዬ «በመብራት አጠመድናቸው፤ አይደል?» አሉኝ። ሐሳቡ ከመቼው የእሳቸው እንደሆነ እንጃ፤ ብቻ እኔም ደረቴን ነፋሁ። ሽማግሌነት እንዲህ ከሆነ ጥሩ ሥራ ነው አልኩ።

ስንወጣ አቶ ኪሮስ የፕሮጀክተሩን ቦርሳ ራሳቸው ተሸክመው ለዕቃው ብዬ እስከተዋስኳት መኪና ሸኙኝ። ሌሎቹ ከወንድምየው ጋር በር ላይ ይሰነባበታሉ። ድል ያደረገ ሰው ቸር ነውና ላጽናናቸው ፈለግሁ። «እንግዲህ አይቀየሙን፤ ለልጆቹ ብለን ትንሽ ብልጠት ተጠቀምንብዎት» አልኳቸው።

እሳቸው ቦርሳውን ኋላ ወንበር ላይ በጥንቃቄ አስቀመጡት።

«ካለፈው ጊዜ ወዲህ ልጄ እህል አልቀምስ ብላ ነበር» አሉ። «ገበታ ትቀርብና እንጀራውን እየነካካች ትነሣለች። አንድም ቀን ክፉ ቃል አልተናገረችኝም፤ እሱ ነው የገደለኝ። ወንድሜ ፊት አልሰጥም ብያለሁ። ታላቄ ፊት እንዴት ብዬ ቃሌን ልሻር? እናንተ ደግሞ ሦስታችሁም እንደ ችካል ተተክላችሁ ታዩኛላችሁ።»

የመኪናውን በር ዘጉልኝ። ከዚያ በመስኮቱ ጎንበስ ብለው፣ ወንድማቸው እንዳይሰሙ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉና «ጠረጴዛውን ወደ እናንተ ያዞረው ማን ሆነና ነው?» አሉኝ።