በመተማ ሰው ሲሮጥ

ቆላ ሰው አይሮጥም። ይህን ስላችሁ ሰነፍ ነው ማለቴ አይደለም። የሰሊጥ ኩንታል ተሸክሞ መኪና ላይ የሚወጣን ሰው ማን ሰነፍ ይለዋል? ፀሐዩ ነው። እኛ ጋ፣ መተማ ዮሐንስ፣ ረፋድ ላይ ጥላ ያገኘ ሰው ጥላውን ለወንድሙም አይለቅም። ስለዚህ አንድ ሰው ሲሮጥ ከታየ የሆነ ነገር ተፈጥሯል ማለት ነው። ለምን ትሮጣለህ ብሎ ቆሞ የሚጠይቅ የለም። አብሮ መሮጥ ነው፤ ጥያቄው በኋላ ይደርሳል።

እኔ ይህን እያወቅሁ ነው ሩጫ የጀመርኩት።

ይርጋ እባላለሁ፤ የትራክተር መለዋወጫ እሸጣለሁ። አርባን ካለፍኩ ቆይቻለሁ፤ ሆዴም ከእኔ ቀድሞ ነው ሱቅ የሚገባው። አንድ ቀን አንድ ደንበኛዬ ሰዎች ከተራራ ተራራ ቀኑን ሙሉ ሲሮጡ የሚያሳይ ቪዲዮ በስልኩ አሳየኝ። ከጎንደር በላይ ባሉት ተራሮችም እንዲህ ያለ ውድድር አለ አለኝ። ጠዋት ተነስተው ማታ ነው አሉ የሚገቡት። ሽልማቱ ምንድን ነው ስለው፣ ለአብዛኛው ሰው መጨረሱ ራሱ ነው አለኝ። ይህች ነገር ለምን እንደሆነ እንጃ ውስጤ ገባች። እኔ የጀመርኩትን ጨርሼ አላውቅም። ቤቴ እንኳን አንዱ ክፍል እስከ ዛሬ ጣሪያ የለውም።

ለባለቤቴ ለአበባ ስነግራት ወጡን ማማሰሏን አላቋረጠችም። ገበያ ድረስ ሂድ ስልህ ባጃጅ የምትጠራ ሰውዬ ተራራ ልትሮጥ ነው? አለች። ካልጠገቡ አይዘሉም አለችና የዚያን ቀን እራቴን ቀነሰችብኝ።

የመጀመሪያው ቀን ጎህ ሲቀድ ወጣሁ። ዋናው መንገድ ላይ ስደርስ ሻይ የምትሸጠው ሴት ብርጭቆዎቿን ሰበሰበች። ሊከፍት የነበረ ባለሱቅ በሩን መልሶ ዘጋ። ሁለት ጫኝ አውራጆች ከጎኔ ገብተው መሮጥ ጀመሩ፤ ከከተማው መውጫ ስንደርስ አንዱ እያለከለከ ምን ተፈጥሮ ነው ጋሼ አለኝ። ስፖርት ነው አልኩት። ቆሞ ከላይ እስከ ታች አየኝ። ጋሼ ባይለኝ ኖሮ የሚለኝ ሌላ ነገር እንደነበረው ከፊቱ ይነበባል።

ሁለተኛው ችግር ተራራ ነው። እኛ አካባቢ ለጥ ያለ ሜዳ ነው፤ ተራራ ከየት ይመጣል? ያገኘሁት መጋዘን ውስጥ የተደረደረ የሰሊጥ ኩንታል ነው። ዘበኛውን ለምኜ ጆንያው ላይ ስወጣ ስወርድ ሰነበትኩ። በኋላ ሰሊጡ ተሸጠና ተራራዬን በመኪና ጭነው ወሰዱት።

ሰው ሲለምደኝ ጓደኛ አገኘሁ። አንዱ አደም ነው፤ ሸቀጣ ሸቀጥ የሚነግደው ጎረቤቴ። ሐኪም ተንቀሳቀስ ብሎታል። የሚሮጠው ግን እስከ እግሩ በሚደርሰው ነጭ ጀላቢያው ነው። ቁምጣ ልበስ ስለው፣ ያ ዞል፣ አንተ ሰውዬ፣ ልጆቼ ምን ይሉኛል ይለኛል። ሌላው አያ ታረቀኝ ናቸው፤ የሰፈራችን ሽማግሌ። እሳቸው አይሮጡም። እኛ ስንመለስ ከሰፈሩ ዳር ይጠብቁንና ላባችን ሳይደርቅ ብርድ እንዳይመታን ያመጡትን ጋቢ ያለብሱናል። ከዚያ ሦስታችንም እስከ ቤታችን ቀስ እያልን እንራመዳለን። እውነቴን ነው የምላችሁ፣ ከሩጫው ሁሉ የምወደው ያችን እርምጃ ነበር።

አያ ታረቀኝ ድምፃቸው ለስላሳ ነው። በዚህ ምክንያት በሰፈራችን መርዶ የሚያረዱት እሳቸው ናቸው። የመርዶን ወግ መቼም ታውቁታላችሁ። ጎህ ሲቀድ ነው። ሰብሰብ ብለው፣ ተከናንበው፣ ዝም ብለው ይመጣሉ። ሽማግሌው ቆቡን ያወልቃል። ምነው ሲባል፣ ኧረ ምንም የለም፣ ደህና ነው ይላል። ክፉው እሱ ነው። በማለዳ መጥቶ ደህና ነው ካለ አለቀ።

አሁን እኔ ምን ዓይነት ጅል ብሆን ነው ይህንን ያላሰብኩት?

ከእኛ ቤት ትንሽ ወረድ ብሎ እትዬ ደብሬ አሉ። ያላቸው አንድ ልጅ ነው፤ ማንደፍሮ። ክረምቱ ሲገባ ለሰሊጥ አረም ወደ እርሻ ካምፕ ሄዷል። ካምፑ ኔትወርክም መብራትም የለው። እትዬ ደብሬ በየቀኑ ሱቄ እየመጡ፣ ከዚያ በኩል የመጣ ትራክተር የለም? ይሉኛል። መንገዱ ጭቃ ነው፣ አልመጣም እላቸዋለሁ። እሺ ልጄ ብለው ይሄዳሉ። አሄዳቸውን ሳይ አንጀቴን ይበሉታል።

አንድ ማለዳ፣ ረጅም መንገድ ሮጠን፣ አያ ታረቀኝም እንደ ወትሮው ጋቢ አልብሰውን ስንመለስ፣ ልክ እሳቸው በር ላይ ባቴን ጨምድዶ ያዘኝ። ይህ ነገር ያጋጠመው ያውቃል፤ ወንድነት የሚባል ነገር አይቀርም። አጥራቸውን ተደግፌ እንባዬ ፈሰሰ። አደም ትከሻዬን ያዘኝ። አያ ታረቀኝ ሊያናፍሱኝ ቆባቸውን አወለቁ። እትዬ ደብሬ በዚያች ቅጽበት አመድ ሊደፉ በሩን ከፈቱ።

ያዩትን አስቡት። በጋቢ የተከናነቡ ሰዎች፣ አንዱ የሚያለቅስ፣ አያ ታረቀኝም ቆባቸውን ይዘው። አመዱ እግራቸው ላይ ተበተነ። «ልጄን ምን አደረጋችሁት?» አሉ በቀስታ።

አያ ታረቀኝ ደነገጡ። ሰው ሲደነግጥ የሚወጣው የለመደው ቃል ነው። «ኧረ ምንም የለም ደብሬ፤ ማንደፍሮ ደህና ነው» አሉ፣ በዚያው በለስላሳ ድምፃቸው።

ከዚያ በኋላ ማን ያቁማቸው? እኔ ሩጫ ነው ብል፣ ባቴን ይዞኝ ነው ብል፣ ማን ይሰማኛል? ባስተባበልኩ ቁጥር ጩኸቱ ይብሳል። ጎረቤት ተሰበሰበ። የእድሩ ድንኳን ተተከለ። ንፍሮ ተጣደ። ማንደፍሮ ጋ ስንደውል ስልኩ ዝግ ነው የምትለዋ ሴትዮ ትመልሳለች፤ እሷን የሰማ ሁሉ እንደገና ደረቱን ይመታል። አደም ቁጭ ብሎ ሲያለቅስ አየሁት። አንተ ምን ሆነህ ነው ስለው፣ ሰው ሁሉ የሚለው ነገር እውነት ቢሆንስ አለኝ። አብሮኝ ከጋቢው ውስጥ የነበረው ሰውዬ!

ያን ቀን ነው የራሴን ሥራ ያየሁት። ሩቅ አሳቢ ቅርብ አዳሪ ይባላል። እኔ ተራራ ሳስብ ጎረቤቴን ልጃቸው በቁሙ እያለ አስለቀስኳቸው። ልጁን በዓይናቸው ካላዩ የሚያምኑት ነገር የለም። ልጁ ደግሞ ያለው ከዋልካው፣ ከጥቁሩ የጭቃ መሬት፣ ማዶ ነው፤ በክረምት እዚያ ትራክተር ከገባ እስከ መስከረም አይወጣም። በእግር የሚሄድ ሰው ያስፈልጋል ተባለ። ድንኳኑ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ጫማዬን አየ።

አበባ ዳቦ ቆሎ በፌስታል ቋጠረችልኝና ጎንበስ ብላ የጫማዬን ክር አሰረችልኝ። ከተጋባን ጀምሮ አድርጋው አታውቅም። ቀስ ብለህ ሂድ አለችኝ።

ስለ ዋልካ ጭቃ ላላየው ሰው እንዴት ብዬ ልንገር? ትንሽ እንደሄድኩ ጫማዬ ላይ ሌላ ጫማ ተሠራ፤ በላዩ ላይ ደግሞ ሌላ። መጨረሻ ላይ አውልቄ ክሩን አንገቴ ላይ አሰርኩት። ያ ሁሉ የተባለለት የሩጫ ጫማ በእኔ ላይ ተሳፍሮ ተጓዘ። ሜዳ ሲሆን እሮጣለሁ፣ ጭቃ ሲሆን እጎተታለሁ፣ ሰው በሌለበት ደግሞ ጮክ ብዬ ራሴን እሳደባለሁ። ተስፋ ልቆርጥ ስል የእትዬ ደብሬ እግር ላይ የተበተነው አመድ ይታየኛል። እንደገና እነሳለሁ።

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ካምፑ ደረስኩ። ማንደፍሮ ከጎጃም ከመጡ ሠራተኞች ጋር ተደርድሮ ያርማል። ወፍሯል። ሳየው ደስታው እንባዬን አመጣው። እሱ ቀና ሲል ያየው ምን መሰላችሁ? ጭቃ የለበሰ የሰፈሩ ሰው እየሮጠ እያለቀሰ ሲመጣ።

«እናቴን?» አለ።

«ኧረ ደህና ናቸው» አልኩት። ምላሴን በቆረጠው።

ልጁ መሬት ላይ ወደቀ። ጎጃሜዎቹ፣ አይ ወንድማችን እያሉ ከበው አብረውት አለቀሱ። በአንድ ቀን ሁለት ለቅሶ አቆምኩ። ስምል ስገዘት ማን ይስማኝ። በመጨረሻ የሆነውን ሁሉ ከመጀመሪያው ጀምሬ እተርክ ጀመር። እናትህ ደረታቸውን እየመቱ ሳለ ዶሯቸው የለቀስተኛውን ንፍሮ ስትለቅም አዩ፤ ለቅሷቸውን አቋርጠው፣ አንቺ የማትረቢ ብለው ጫማ ወረወሩባትና ካቆሙበት ቀጠሉ አልኩት።

ማንደፍሮ ቀና አለ። «ጫማው አገኛት?»

«ሳቷት።»

«እናቴ ናት። ደህና ናት» አለና እንባውን ሳይጠርግ ሳቀ።

እዚያው አድረን በማለዳ ተነሳን። ልጁ የእናቱን ጭንቀት ስላወቀ መሬት አይንካኝ አለ። እኔ ግን እግሬ አብጧል፤ ጎረምሳውን አላዘገይም። አንተ ቅደም፣ እናትህ አንዲት ሰዓት ጨምራ አታልቅስ አልኩት። ሮጦ ከዓይኔ ተሰወረ። ልምምድ የሚባል ነገር ሳያውቅ እንዴት እንደሚሮጥ ብታዩ። እኔ ዱላ ቆርጬ እያነከስኩ፣ በየዛፉ ሥር እያረፍኩ ቀኑን ሙሉ ተጓዝኩ። ሆዴ ግን ሞልቶ ነበር። እናትና ልጅ ሲገናኙ ይታየኛል።

ሰፈሬ ስደርስ ፀሐይዋ ልትጠልቅ ነው። ድንኳኑ እትዬ ደብሬ በር ላይ የለም። እሰይ፣ ነቀሉት አልኩ። ትንሽ ፈቀቅ ስል አየሁት። የተተከለው እኔ በር ላይ ነው።

 አበባ አልኩ። የጫማዬን ክር ያሰረችበት እጇ ታየኝ። ምነው አንድ ቀን ገበያውን አብሬያት በእግሬ ሄጄ ቢሆን አልኩ። አጥሬን ይዤ መግባት አቃተኝ። ወዲያው ከውስጥ አንድ የለቅሶ ድምፅ ሰማሁ። የአበባ ድምፅ ነው። ሚስቱ ስታለቅስ ሰምቶ እንደ እኔ ደስ ያለው ባል በዚህ አገር የለም።

እንግዲህ የሆነው ይህ ነው። ማንደፍሮ ሲደርስ እልልታው ቀልጦ፣ እናቱ አቅፈው አልለቅ ብለውት፣ ኋላ ነው ይርጋስ የሚል ሰው የመጣው። ልጁ ምን ይበል? ደህና ነው፣ ከኋላ እየመጣ ነው አለ።  ቀኑ ገፋ፣ እኔ አልመጣሁም። አያ ታረቀኝ ቆባቸውን አወለቁ።

መግባት ነበረብኝ። አውቃለሁ። ግን እትዬ ደብሬ ደረታቸውን እየደቁ ግጥም ጀምረዋል፦

ነፋስ አይቀድመውም ይርጋ ሲነሳ፣
ምነው ዛሬ ቀረ መንገዱን ረሳ።

ሰው ሁሉ ተቀብሎ ያለቅሳል። ይህን ያህል ጊዜ በዚህ ሰፈር ስሮጥ ፈጣን ያለኝ አንድ ሰው የለም፤ ፈጣን የተባልኩት የዘገየሁ ዕለት ነው። ዱላዬን አጋድሜ አጥሩ ሥር ቁጭ አልኩና፣ አበባ ይቅር በይኝ እያልኩ፣ ሁለተኛውን ግጥም እስኪጨርሱ ጠበቅኋቸው።