አማቴ፣ ሞተርሆሙና የጎረቤት ጥብስ

የሚስቱን እናት ማስደሰት የቻለ ወንድ የለም። አለ ካላችሁኝ ወይ ሰውዬው ይዋሻል፣ ወይ አማቱ ቪዛ ተከልክላለች።

እኔ ግን እችላለሁ ብዬ ተነሳሁ። አታውቁኝማ! እኛ በምንኖርበት ኢቶቢኮ ውስጥ ትልቅ መኪና በሪቨርስ እንደኔ የሚያስገባ ሃበሻ ካለ ይምጣ። ሞተርሆም መንዳትን እንኳ ማንም አላስተማረኝም፤ ስልኬ ላይ ቪዲዮ እያየሁ ለመድኩት። ሞተርሆም ማለት እንግዲህ ጎማ ያበቀለ ቤት ነው። አልጋ አለው፣ ምድጃ አለው፣ ሽንት ቤት አለው፤ አማት ካለችበት ደግሞ መደበቂያ የለውም።

ነገሩ ውድድር ነው። የሚስቴ ታላቅ እህት ኖርዝ ዮርክ ነው የምትኖረው። ባሏ ኢንጂነር ነው። ይሄ ሰው አማታችንን እማማ በላይነሽን ናያግራ ፏፏቴ ወስዶ ሆቴል አሳደራቸው። ከዚያ ወዲህ እማማ አፋቸውን በከፈቱ ቁጥር "ኢንጂነሩ" ነው። ታዲያ አዲስ አበባ ሊመለሱ ጥቂት ሲቀራቸው ሞተርሆም ሬንት አደረግኩና፣ እሳቸውንና ሚስቴን ሰናይትን ጭኜ ፕሪንስ ኤድዋርድ አይላንድ እስከሚባለው ደሴት ድረስ ነዳሁት። ፏፏቴ ምን ይባላል? እኔ ውቅያኖስ አሳያቸዋለሁ! ከዚያ በኋላ "ኢንጂነሩ" የሚሉ ከሆነ እናያለን...

ደረስን። ቻርሎትታውን የሚባለው የደሴቲቱ ከተማ ታሪካዊ ነው። እማማ ጎዳናውን ግራና ቀኝ አዩና፣ ይሄን ሁሉ አገር ያቋረጥነው አሮጌ ቤት ለማየት ነው ወይ ብለው ጠየቁ። ባህሩ ዳር ወሰድኳቸው። የዚያ አገር አፈር ቀይ ነው፤ በርበሬ አስጥተው ጥለውት ሄዱ እንዴ አሉ። ቻልኩት። የኔ ተስፋ ያለው ፍሪጅ ውስጥ ነበር።

በማግስቱ የፍልሰታ ፆም ይፈታል። እማማ ሳይቀምሱ፣ ጨውን በአፍንጫቸው ለክተው የሰሩት ዶሮ ወጥ ከኢቶቢኮ ጀምሮ በረዶ ሆኖ አብሮን ተጉዟል። ፆማቸውን ውቅያኖስ እያዩ ይፈታሉ፣ እኔ እመረቃለሁ፣ ኢንጂነሩ ይረሳል። ፕላኑ ይሄ ነበር።

በነጋታው፣ ሞተርሆሞች በሚያድሩበት ሜዳ ላይ ጠረጴዛችንን ውጭ ዘረጋን፤ ዶሮው ሞቀ። እማማ እጃቸውን ሲታጠቡ፣ ከጎናችን ያረፉት ግሌን የሚባል ጡረተኛና ሚስቱ ውሻቸውን ይዘው በፊታችን አለፉ። እስቲ ፍረዱ፤ ሰው ማዕድ ላይ ሆኖ አላፊውን ዝም ይለዋል? እኔም በደንቡ "ኑ፣ እንብላ" አልኩ። ግሌንም በደንቡ "ብሉ፣ አሁን ነው የበላነው" ብሎ ማለፍ ነበረበት። ምን ያድርግ፣ ደንቡን አያውቅም። "ሹር" አለና፣ እሺ ማለቱ ነው፣ ወንበር ሊያመጣ ሄደ። ሲመለስ ወንበር ብቻ አይደለም ያመጣው፤ ወዲያ ማዶ ያሉትንም ጎረቤቶች አስከትሏል።

እማማ እንግዳ ሳይጠግብ እህል አይነኩም። ቆመው ያድላሉ። አፍ ሲከዳ ከሎሌ ይብሳል እንዲሉ፣ እኔ ደግሞ የባህል አስተማሪ ሆኜ አረፍኩት! በኛ አገር ድስቱ ካልተጠረገ ባለሙያዋ ይከፋታል ብዬ ለግሌን አስረዳሁት። ግሌን ሰው ማስከፋት አይወድም። የመጨረሻዋን እንቁላል ሲያነሳ፣ እማማ ምን እንዳልኩት ጠየቁኝ። ሙያዎን እያደነቀ ነው አልኳቸው።

እማማ ፆማቸውን በድስቱ ጠርዝ ፈቱ። ሰናይት አኮረፈችኝ። ከተማ ሄጄ ስጋ ልግዛ ስል እማማ፣ "ተወው፤ ደግሞ ለማን ልታበላው ነው?" አሉኝ።

አመሻሹ ላይ ግሌን ብቅ አለ። ስጋ ጠብሷል፤ ኑ አብረን እንብላ አለን። ሰሃኔን ላነሳ ነበር። ግን እናንተዬ፣ ጨዋ ሰው በመጀመሪያው ጥሪ ይነሳል? ሆዴን እየዳበስኩ "ኖ፣ ኖ፣ ጠግበናል" አልኩና "በሞቴ" እስኪለኝ ጠበቅኩ። ግሌን "ኖ ፕሮብለም" ብሎ ተመለሰ።

"ምን አለህ?" አሉ እማማ።

"ራት እንብላ አለ።"

"አንተስ?"

"ጠግበናል አልኩት።"

"ማነው የጠገበው?"

"ይታገሱ እማማ፣ ተመልሶ ይለምነናል።"

ግሌን አልተመለሰም። የጥብሱ ሽታ ነው የመጣው። ሰውዬው ከማዶ እጁን ያውለበልብልናል፣ እኛም በባዶ ሆድ እናውለበልባለን... በመጨረሻ እማማ ተነሱ። ሰርግ ቤት እንኳ በእግዚአብሔር ስም ካልተለመኑ ሰሃን የማይነኩት ሴትዮ፣ ነጠላቸውን አጣፍተው፣ ሰሃናቸውን ይዘው ቀጥ ብለው ሄዱ። ሰናይት ተከተለቻቸው። እኔማ አንዴ ጠግቤያለሁ ብያለሁ፤ ቃሌን ታቅፌ ቀረሁ።

ከሞተርሆሙ በር ላይ ሆኜ አያለሁ። ግሌን ምርጥ ምርጡን እየቆረጠ ሰሃናቸው ላይ ያደርጋል፤ እማማ በአማርኛ ይመርቁታል። የኔን ምርቃት! በዚህ መሃል የሰናይት ስልክ ጠራ። ታላቅ እህቷ ናት፣ ከኖርዝ ዮርክ። እማማ ስልኩን ተቀበሉ። ውቅያኖሱን አላነሱ፣ ሞተርሆሙን አላነሱ፣ ሹፌሩንማ ተዉት።

"እኔ በጣም ደህና ነኝ" አሉ እየጎረሱ። "ለኢንጂነሩም ንገሪው፤ እዚህ ግሌን የሚባል ከእሱ የሚበልጥ አማች አግኝቻለሁ።"

ያው እንግዲህ፣ ኢንጂነሩን አሸንፈነዋል። በማን አሸነፋችሁት ብላችሁ ግን እንዳትጠይቁኝ።