ከጀርባ ለሚሠሩ ሁሉ የወጣ መመሪያ

የነዋሪዎችን መዝገብ የሚጠብቀው መሥሪያ ቤት ኃላፊ ለሕዝብ አደራ ሲሉ እንቅልፍ ያጡ ሰው ነበሩ። ያጡትን የሚያካክሱት ስብሰባ ላይ ነው።

አንድ ጠዋት መዝገቡ የሚቀመጥበትን የሰርቨር ክፍል ሊጎበኙ ገቡ። ክፍሉን ለብቻዋ የምታስተዳድረው ባለሙያ ወንበሩን በእጇ ጠርጋ ሰጠቻቸው። የቅጥር ውሏ በወሩ መጨረሻ ያልቃል፤ መቀጠል አለመቀጠሏ በእሳቸው አንደበት ላይ ተንጠልጥሏል፤ በቤቷም ከእሷ በቀር ሠርቶ የሚያበላቸው የሌላቸው ሁለት ልጆች አሏት።

ኃላፊው ስክሪኑ ላይ ብቅ ጥልቅ የሚሉ ስሞች አዩ።

«እነዚህ እነማን ናቸው?»

«ከጀርባ የሚሠሩ ፕሮግራሞች ናቸው፣ ጌታዬ። አንዱ የማያስፈልግ ፋይል ይጠርጋል፤ አንዱ የመዝገቡን መጠባበቂያ ቅጂ ያስቀምጣል።»

«ማን አዘዛቸው?»

«ሰዓታቸው ሲደርስ በራሳቸው ይነሳሉ።»

የኃላፊው ፊት ጠቆረ። «እኔ እንኳ በሃያ ዓመት አገልግሎቴ በራሴ ተነስቼ የሠራሁት ነገር የለም።»

ያልጠረጠረ ተመነጠረ ነውና፣ በሦስተኛው ቀን መመሪያ ወጣ። ከጀርባ የሚሠራ ማንኛውም ፕሮግራም ከመነሳቱ በፊት የፈቃድ ቅጽ ይሞላለታል፤ ቅጹ ሰባት አባላት ባሉት የክትትል ኮሚቴ ተመክሮበት በማኅተም ይጸድቃል፤ ፕሮግራሙም ሲሠራ መሥራቱን፣ ፈቃድ ሲጠብቅ መጠበቁን በየደቂቃው ሪፖርት ያደርጋል። ኮሚቴው ግድግዳ የሚያክል ስክሪን አሰቀለና ይከታተል ጀመር። የሚያኮራ ትጋት ነበር። የሚያየው ምን እንደሆነ የገባው አንድም አባል ባይኖርም፣ ዓይኑን የነቀለ ግን አልተገኘም።

ባለሙያዋ ፈራ ተባ እያለች ኃላፊው ቢሮ ገባች።

«ጌታዬ፣ ጠራጊው ፈቃድ ሲጠብቅ ሁለት ሳምንት ሆነው። ሪፖርቱ ደግሞ እየተከመረ ነው። ቦታ አልቆ ማሽኑ ሊቆም ነው።»

«ሪፖርት በዛ ብለሽ ትከስሻለሽ?»

«የጠራጊውን ቅጽ ብቻ ያጽድቁልኝ።»

«ምነው፣ ዘመድሽ ነው? ተራውን ይጠብቅ፣ እህቴ።»

ማክሰኞ ረፋድ ላይ ሰርቨሩ ቀጥ አለ። የልደት ምስክር ወረቀት ሊያወጡ የተሰለፉ እናቶች ልጆቻቸው ለጊዜው እንዳልተወለዱ በትሕትና ተነገራቸው።

ኮሚቴው በአስቸኳይ ተሰበሰበ። ከማክሰኞ ወዲህ አንድም ያልተፈቀደ እንቅስቃሴ ስላልታየ፣ ክትትሉ መቶ በመቶ መሳካቱ በጭብጨባ ተረጋገጠ። ጥፋተኛም የግድ ያስፈልጋልና ባለሙያዋ እንድትሰናበት ተወሰነ። ወሬው ሲደርሳት ለልጆቿ ምን ብላ እንደምትነግራቸው ጨነቃት።

የስንብት ደብዳቤው ተጽፎ አለቀ። ይሁን እንጂ የወጪ ቁጥር የሚሰጠው ሰርቨሩ ነው፤ ቁጥር የሌለው ደብዳቤ ደግሞ ለማንም አይደርስም። ኃላፊው ራሳቸው ወደ ክፍሏ ወረዱ።

«እስቲ ጠራርገሽ አስነሺልን፣ እናቴ።»

ይህን ጊዜ ሰርቨሩ ካልተነሳ ስንብቷም እንደማይወጣ ገባት። «ደስ ይለኛል፣ ጌታዬ። ቅጹ ኮሚቴው ዘንድ ነው።»

«ኮሚቴው እኮ የአስቸኳይ ስብሰባው ቃለ ጉባኤ ሰርቨሩ ላይ ሳይመዘገብ አዲስ ነገር አይወስንም።»

«እንግዲህ መመሪያ ነው» አለችና እጇን አጣጥፋ ተቀመጠች።

ወሩ አለቀ። ማንም አንብቦት የማያውቅ አንድ የውሏ አንቀጽ፣ ማሰናበቻ በጽሑፍ ካልደረሳት ውሉ ለአንድ ዓመት እንደሚታደስ ይደነግጋል፤ ውሉም ታደሰ። ኮሚቴው ይህን አላየም፤ ሰባቱም የጠፋውን ስክሪን ተራ በተራ ሲከታተሉ ነበር።