የአደይ ለተብርሃን ግቢ መስኮቶች

ሰው ቤት ሲከራይ የሚጠይቀውን ታዝባችሁ ታውቃላችሁ? ጣሪያው ያፈሳል ወይ ይላል፤ ጎረቤቱ ጠበኛ ነው ወይ ይላል፤ ውሃው ይርቃል ወይ ይላል። «በየት በኩል ልተነፍስ ነው?» ብሎ የጠየቀ ተከራይ ግን እስከ ዛሬ አልገጠመኝም። እኔም አልጠየቅሁም። ጣሊያን ከወጣ በኋላ በጸሐፊነት ተመድቤ ከሸዋ መቐለ ስገባ ያገኘሁት ቤት፣ በአንድ ግቢ ከተደረደሩ ስምንት የድንጋይ ክፍሎች አንዱ ነበር። ከበሩ በቀር ቀዳዳ የሚባል ነገር የለውም። በሩን ስትዘጉት መቃብር ነው። ያውም ሙቅ መቃብር!

የግቢው ባለቤት አደይ ለተብርሃን ብርድን እንደ ወራሪ ጦር የሚፈሩ ባልቴት ነበሩ፤ ቤቶቹንም ያሠሩት በዚሁ ፍርሃታቸው ልክ ነው። በየክፍሉ አራትም አምስትም ሆነን ተጠጋግተን እንተኛለን። አንዱን ያሳከከው ሁላችንንም ያሳክከናል።

እንዲህ ተፋፍገን ሳለን ተስቦ ከተማው ገባ። ከየሰፈሩ ለቅሶ ይሰማ ጀመር። ከኛ ግቢ መጀመሪያ የወደቀው ማን ይመስላችኋል? እኔው ነኝ።

ተከራዮቹ ተሰብስበው ከፊሎቹ «ይውጣልን» አሉ። አልፈርድባቸውም፤ ልጆች አሏቸው። አደይ ለተብርሃን ግን «ኣይፋል! አይሆንም! እናቱ ሸዋ ናት፤ ለማን ልስጠው?» ብለው ከግቢው ጥግ ካለችው ዕቃ ቤት ለብቻዬ አስተኙኝ። እሷ ደግሞ ከሌሎቹም የባሰች ጨለማ።

ይመር የሚባል የወሎ ሰው ግንበኛ አብሮን ተከራይቶ ይኖር ነበር። በጣሊያን ጊዜ ሆስፒታል ሲገነባ ድንጋይ ጠርቧል፤ የበሽተኞቹ ክፍል መስኮቶች አየር እንዲያስተላልፉ ፊት ለፊት ተደርገው ሲሠሩም አይቷል። እኔን ሊያይ የመጣው የሐኪም ረዳት፣ ድሬሰሩ፣ «ልብሱን ቀቅሉ፣ ቅማሉን አጥፉ፣ አየር ያግኝ» ብሎ ሲሄድ፣ ይመር መዶሻውን ይዞ ከተፍ አለ።

«አደይ፣ ይህን ግድግዳ ልብሳው።»

«ቤቴን በስተህ ብርዱን ልታስገባበት? ልጁን ልትገድለው ነው እንዴ?»

«ወላሂ፣ ብርድ ከገባ መልሼ እደፍነዋለሁ።»

«እሱ ቢሞትስ? እሱንም ትመልሰዋለህ?»

አደይ ለተብርሃን በሩ ላይ ቆመው ሳቃስት ሲያዩኝ ቆዩ። በመጨረሻ ፊታቸውን አዙረው «ብሳው» አሉ።

ይህን ሁሉ የሰማሁት ኋላ ነው። ያን ጊዜ እኔ የማውቀው፣ ትኩሳቱ ሲያነደኝ ግድግዳው እንደ ነጎድጓድ ጮሆ መደርመሱን፣ ብርሃን መፍሰሱን፣ በብርሃኑም መካከል ነጭ በነጭ የሆነ ፊት ብቅ ማለቱን ብቻ ነው። አበቃልኝ ብዬ ኃጢአቴን ከታናናሾቹ ጀምሬ መዘርዘር ያዝሁ።

«አብሽር ጸሐፊው፣» አለኝ መልአኩ፣ አቧራውን ከቅንድቡ እየጠረገ፤ «መስኮት ነው።»

መስኮቱ ብቻውን አዳነኝ አልላችሁም። አደይ ለተብርሃን ልብሴን በበርሜል ቀቅለዋል፤ ጸጉሬንም በገዛ እጃቸው ላጭተውኛል። ብቻ ተነሣሁ! በእግሬ ቆሜ ግቢው መካከል ብቅ ስል፣ ይውጣልን ያሉት ሁሉ እልል አሉ። ይመርም የራሱን ለኋላ ትቶ የሌሎቹን ክፍሎች ሁሉ ጀርባ ከበሩ ትይዩ በሳው፤ ከግቢው ዝቅ ያለውን ቦታ መርጦ የልብስ ማጠቢያ ገነባ። አደይ ለተብርሃን በበኩላቸው በአንድ ክፍል ከሦስት ሰው በላይ እንዳይተኛ አዘዙ። ከዚያ ወዲህ ሁለት ሰዎች ታመሙ፤ ሁለቱም በዕቃ ቤቷ ተኝተው ሁለቱም በእግራቸው ወጡ። በሽታው ከከተማው እስኪጠፋ ድረስ ከደጃችን አንድም ሬሳ አልወጣም። አንድም!

አደይ ለተብርሃንን ከዚያ በኋላ ማን ይቻላቸው? በየጎረቤቱ እየዞሩ ግድግዳውን በከዘራ ይቆረቁራሉ። «ይህ ቤት ታፍኗል፤ ይመርን ጥሩ!» ብርዱስ ለሚላቸው «ጋቢ ደርብ!» ነው መልሳቸው።

ይመር ሥራ በዝቶበት የሰው ግድግዳ ሲበሳ፣ የራሱ ክፍል ብቻ ጨለማ ሆና ቀረች። አንድ ዓርብ ለሶላት መስጊድ ሲሄድ ጠብቀን፣ እኔና አንድ የጨው ነጋዴ በአደይ ለተብርሃን አዛዥነት መዶሻውን አነሣን። ሲመለስ መስኮቱን ዐየው። ዞር ብሎ እንደገና ዐየው።

«ጠማማ ነው» አለ።

እውነቱን ነው፤ አንድ ጎኑ ወደ ምድር ያዘነብላል።

«እንግዲያ አቅናዋ!» አሉት አደይ ለተብርሃን።

«ማ? ይህን መስኮት የነካ ከኔ ጋር ተጣላ!»