ሊቁና የሥሩ ውሃ

ሁሉን አዋቂ የሌለበት ሰፈር የለም፤ አለ ከተባለም ሰፈሩ ገና ተሠርቶ አላለቀም። ሁሉን አዋቂ ሐኪም ፊት ስለ ሕመም፣ ዳኛ ፊት ስለ ሕግ፣ መቃብር ቆፋሪ ፊት ስለ ጉድጓድ ያስረዳል። የዓሣ አጥማጆቹ ወደብም ድርሻውን አላጣም። ለእሱ የደረሱት ክቡር ሊቀ ሊቃውንት ዘወደብ ናቸው፤ ባጭሩ "ሊቁ"።

ሊቁ ከዓሣ ገበያው ሚዛን ቤት በጡረታ የተገለሉ ሰው ናቸው። ከጡረታ በኋላ ሥራ በዛባቸው። ሲያንኮራፋ ሰምተው "ይህ እንኳ ቀላል ነው" ብለው የፈቱት የጀልባ ሞተር እስከ ዛሬ በጆንያ ተቋጥሮ ተቀምጧል። የባሕሩን ሙቀት ልትለካ የመጣችውን ተመራማሪ ቴርሞሜትር እንዴት እንደሚያዝ አስተምረዋታል፤ ጨዋ ልጅ ናትና አመስግናለች። ነገር ሁሉ ከተበላሸ በኋላ ደግሞ እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው ብቅ ይሉና "አልነገርኳችሁም?" ይላሉ።

መረብ ጠጋኟ ይህን ቃል ስትሰማ ደሟ ይፈላል። ምን ታደርግ፣ ሊቁ የባሏ አጎት ናቸው፤ መሸሻ የላትም። በሠርጓ ሰሞን መረብ አጠጋገን ላሳይሽ ብለው አጠገቧ ተቀምጠው መረቡን ከቀሚሷ ጋር ሰፍተውባታል። "ጋሼ ይተዉት፣ እኔ እጨርሰዋለሁ" ብትላቸው፣ "ልጄ፣ ያበላሸው ያንቺ ችኮላ ነው" አሏት።

ወደቡ ግን በሰውየው የሚጠቀምበት መላ አግኝቷል። ሊቁ ስለ ባሕር የተናገሩት አንድም ቀን ሰምሮ ስለማያውቅ፣ ጀልባ ያለው ሁሉ ጠዋት ጠዋት ምክራቸውን ይጠይቅና ተቃራኒውን ያደርጋል። "ዛሬ ማዕበል አለ፣ አትውጡ" ካሉ ሞተር ይነሳል። "ዛሬ ባሕሩ ጸጥ ያለ ነው" ካሉ ጀልባ ይታሰራል። እሳቸው ይህን አያውቁም፤ በዓለም ላይ የማያውቁት ነገር ይህ ብቻ ነበር።

ዘንድሮ ነገሩ ተበላሸ። በዚያ ባሕር ዳር ኑሮ የሚመጣው ከታች ነው። በወቅቱ ነፋሱ ዳር ዳሩን ሲነፍስ የላዩን ሙቅ ውሃ ወደ መሀል ይገፋውና፣ በቦታው ቀዝቃዛው ውሃ ከጥልቁ ይወጣል፤ "የሥሩ ውሃ" ይሉታል። የባሕሩን ምግብ ይዞ ነው የሚወጣው። ምግቡን ሰርዲን ይከተለዋል፣ ሰርዲኑን ትልልቁ ዓሣ፣ ትልልቁን ዓሣ ወፍና ሰው። ዘንድሮም ነፋሱ ነፈሰ፤ ውሃው ግን ለብ እንዳለ ቀረ። ተመራማሪዋ እንዳለችው፣ ከዓመት ዓመት እየጋለ የመጣው የላይኛው ውሃ እንደ ብርድ ልብስ ወፍሮ ተደርቧል፤ ነፋሱ ቢገፋ ቢገፋ የሚያወጣው ያንኑ ሙቁን ነው። ወፎቹ ሄዱ። መረቡ ጄሊፊሽ የሚሉትን ዝልግልግ ብቻ እየዛቀ ይመለስ ጀመር። መረብ ጠጋኟም ሥራ ፈታች፤ መረብ የሚቀደደው ዓሣ ሲኖር ነው።

አንድ ማለዳ ባሏን ጄሪካኑን ሁሉ ነዳጅ ሞልቶ ጀልባው ላይ ሲጭን አገኘችው። ቀዝቃዛው ውሃ ከጥልቁ ጠርዝ ማዶ አለ የሚል ወሬ ሰምቷል። ጀልባዋ ደግሞ ከዳር ርቃ የማታውቅ ትንሽ ጀልባ ናት።

"በዚህች ጀልባ እዚያ ደርሶ የተመለሰ ማን አለ?" አለችው።

"ታዲያ ልጆቼ ፊቴን ሲያዩ ልዋል?"

"ይዩት። እኔ የምፈራው እሱም እንዳይቀርባቸው ነው።"

እንደ ወደቡ ልማድ፣ ሚዛን ቤቱ ደጃፍ አግዳሚ ላይ ወደሚቀመጡት አጎቱ አመራ። መረብ ጠጋኟ የሚመጣው ታያት፤ ሊቁ "አትሂድ" ይላሉ፣ እሱም ይሄዳል። ቀድማ ደርሳ "እባክዎ ሂድ ይበሉት" ልትላቸው ፈለገች። ስትደርስ ግን ባሏ ጠይቆ ነበር።

"ጋሼ፣ ከጥልቁ ማዶ ልወጣ ነው። ምን ይላሉ?"

ሊቁ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ባሕሩን አዩ፣ የተጫነውን ጄሪካን አዩ፣ ባሏን አዩ።

"አላውቅም" አሉ።

"ምን አሉኝ?"

"አላውቅም ልጄ። ድሮ ነፋስ ከነፈሰ ውሃው ይቀዘቅዛል፣ ከቀዘቀዘ ዓሣ አለ። አሁን ይነፍሳል፣ አይቀዘቅዝም። እዚያ ማዶ ምን እንዳለ አላውቅም። ብትሄድ ትመለስ እንደሆነም አላውቅም።"

ለዚህኛው መልስ ተቃራኒው ምን እንደሆነ ወደቡ አስቦበት አያውቅም። ባሏን "አትሂድ" ቢሉት ስቆ ይሄድ ነበር፤ ይህን ግን በእውነት ፈራው። ተመልሶ ጄሪካኖቹን አንድ በአንድ አወረደ። እሷ ፊቷን ወደ ሚዛን ቤቱ ግድግዳ አዙራ አለቀሰች።

በዚያው ሰሞን ከጎረቤት ወደብ ወደ ማዶ የወጡ ጀልባዎች ነዳጅ ጨርሰው፣ ስንት ቀን ሲንሳፈፉ ከርመው፣ በመርከብ ተጎትተው ገቡ። ሰዎቹ በሕይወት አሉ ለማለት ያህል ነበሩ። ዓሣ የሚባል አላዩም። ሊቁ ግን "አልነገርኳችሁም?" ሊሉ አልመጡም፤ ቤታቸውን ዘግተው ተቀመጡ። ሞተር ሲያንኮራፋ የሚፈታው ጠፋ። መረብ ጠጋኟ ሳታስበው ዓይኗ ባዶው አግዳሚ ላይ ይሄዳል፤ በራሷ ትናደዳለች።

ሲሰነባብት፣ አንድ ጠዋት ውሃ ዳር መረብ ስታጥብ ብርድ እጇን ቆነጠጣት። እንደ ድሮው አይደለም፤ ይቆይ አይቆይም የሚያውቅ የለም። የሥሩ ውሃ ግን ነበር። ባሏ ከዳር ሳይርቅ ጥቂት ሣጥን ሰርዲንና የተቀደደ መረብ ይዞ ገባ። ሰው ከበበው። ከሰው ኋላ ሊቁ እጃቸውን አጣምረው መጡ፤ ከስተዋል። ዓሣውን አይተው አፋቸውን ከፈቱና መልሰው ዘጉት።

መረብ ጠጋኟን አላስቻላትም።

"ጋሼ" አለች፣ ሁሉም እንዲሰማ። "ነግረውን አልነበረም እንዴ?"

ሊቁ ትንሽ አዩዋት። ወገባቸው ቀና አለ።

"አልነገርኳችሁም?" አሉ።

"ነግረውናል። ይበሉ አሁን ይህ ቀዳዳ እንዴት እንደሚጠገን ያሳዩኝ" ብላ መርፌውን ሰጠቻቸው፤ ቀሚሷን ወደ ራሷ ሰብሰብ አድርጋም አጠገባቸው ተቀመጠች።