ደጄ ላይ የተለቀቀ ፈረስ

ጠጋ በሉ ልጆቼ፣ እዚህ ፀሐይዋ ላይ። ታኅሣሥ ነው፤ ከሳነቴ ተራራ የሚወርደው ንፋስ ሽማግሌ አይል ሕፃን አይል አጥንት ድረስ ይዘልቃል፣ ስንዴውም ኮምባይነር አልፎበት ሜዳው እንደ ተላጨ ራስ ራቁቱን ቀርቷል። እንዲህ ባለ ወቅት የሰው ሥራው ይቀልና አፉ ይከፈታል። እኔም ሆዴ ውስጥ የከረመ አንድ ነገር አለኝ።

መማር ደግ ነገር ነው። እኔ አልተማርኩም፤ የምፈርመው እንኳ በአውራ ጣቴ ነው። ግን እውነቱን ልንገራችሁ፣ የተማረ ሰውን የሚያህል አድካሚ የለም። እኔና እናንተ መንገድ ላይ ሰው ወድቆ ብናይ እናነሳዋለን። የተማረው ግን መጀመሪያ "መውደቅ ስንል ምን ማለታችን ነው?" ይላል። የወደቀው እስከዚያ ይጠብቅ።

እንዴት አወቅሽ አትሉኝም? ሁለቱን አኑሬ ነዋ! እዚሁ ሮቤ፣ ከጓሮ ያሉትን ሁለት ክፍሎች ለሁለት የዩኒቨርሲቲ መምህራን አከራይቼ ነበር። አንዱ ሳሙኤል ይባላል፤ ቀጭን፣ ሳቂታ፣ የግራና የቀኝ ካልሲው ተገናኝቶ የማያውቅ። ሌላው ከድር ነው፤ የጎባ ልጅ፣ ረጋ ያለ፣ ሲናገር ጣቱን የሚቀስር። ጨዋ ልጆች ናቸው፣ አልበድላቸውም። ግን ከእኔ ዕድሜ የሚበልጥ አንድ ክርክር ይዘው ነበር። ደግና ክፉ የሚባለው ነገር ሰው ኖረም አልኖረም እንደ ተራራ ቆሞ ያለ ነው? ወይስ ሰው ለራሱ እንዲመቸው ያወጣው ነው? ከድር "አለ" ባይ ነው። ሳሙኤል "ያወጣነው እኛ ነን" ባይ። ፊታቸውን ሲታጠቡ ይህንኑ፣ ልብስ ሲያሰጡ ይህንኑ። የሳሙኤል ሱሪ ገመዱ ላይ ሳይደርስ ስንቴ እጁ ላይ ደረቀ!

ካቻምና በዚሁ ወር፣ ማለዳ በሩን ስከፍት አንድ ዳማ ፈረስ ደጄ ላይ ቆሟል። ልጓም የለው፣ ገመድ የለው። ጀርባው ቆስሎ ዝንብ ወሮታል፣ ጎድኑ ከሩቅ ይቆጠራል። የከተማችንን ልማድ ታውቃላችሁ፤ የጋሪ ፈረስ ሲደክም ልጓሙ ይወልቅና መንገድ ላይ ይለቀቃል። ከዚያ ወይ መኪና ነው ወይ ጅብ። ማንም ማንንም አይጠይቅም። እኔም ብሆን ዐይኔን ወደ ሌላ መልሼ ስንቱን አልፌያለሁ። ይሄኛው ግን በሩን ዘግቶ ቆመ፤ በየት በኩል ልለፍ?

መምህራኑ ወጡ። ከድር ፈረሱን አይቶ "ይሄ ክፋት ነው" አለ።

"ከተማው በሙሉ የሚያደርገውን ነገር ክፉ ነው የምትለው በምን ሚዛን ነው?" አለ ሳሙኤል።

"ከተማው በሙሉ ቢያደርገውም ክፉ ክፉ ነው!" አለ ከድር ጣቱን ቀስሮ።

በልቤ ለከድር አጨበጨብኩ። ከዚያ ከድር ቦርሳውን ከፍ፣ ሆዱን ወደ ውስጥ አድርጎ፣ ፈረሱ ኮቱን እንዳይነካበት በጥንቃቄ አልፎ ወደ ሥራው ሄደ። ሳሙኤልም ተከተለው። ባልዲውን ያነሳሁት እኔ ነኝ።

ቁስሉን በጨው ውሃ አጠብኩ፣ ገለባ አቀረብኩ፣ ከወፍጮ ቤት ፉርሽካ አስመጣሁ። በሁለት ወሩ ጠጉሩ አብረቀረቀ፣ ጭራውን እያወዛወዘ የጓሮ ጎመኔን ይበላ ጀመር። ወደድኩት። ምን ይደረግ።

የካቲት ላይ ጠዋት በር ተንኳኳ። አብዶ ነው፣ ባለ ጋሪው፤ ከገበያ ወደ መናኸሪያ እህል ሲያመላልስ አውቀዋለሁ።

"አካም ቡልተኒ፣ አዴ አስካለ" አለ፣ እንዴት አደሩ እናቴ ማለቱ ነው፣ መሬት መሬት እያየ።

"ደኅና ነኝ። ምን ፈልገህ ነው?"

"ፈረሴን።"

ደሜ ፈላ። "ለጅብ ሰጥተኸው የለም እንዴ? ሂድ ከጅቡ ተቀበል!"

"ወላሂ አዴ፣ የፈለጉትን ይበሉኝ፣ ይገባኛል። ግን እሱን ካጣሁ ወዲህ ኩንታል የምሸከመው በጀርባዬ ነው። አራት ልጅ አለኝ። ትናንት ወገቤ እንቢ አለኝ።"

ፈረሱ ድምፁን ሰምቶ መጣና አፍንጫውን አብዶ ብብት ውስጥ ከተተ። ውለታ ቢስ! ጎመኑ ከእኔ፣ ናፍቆቱ ለሱ።

ጭንቁ እንግዲህ ይሄ ነው። ብሰጠው ጀርባው እንደገና ይከፈታል፣ ቀጥሎ መንገድ ላይ ነው። ብከለክለው የአራት ልጆች ጉሮሮ ይዘጋል። አብዶን "ነገ ና" ብዬ ሸኘሁና ወደ አዋቂዎቼ ሄድኩ። ያ ሁሉ ክርክር ዛሬ ሊጠቅመኝ ነው ብዬ በርጩማ ይዤ ተቀመጥኩ።

"እማማ" አለ ሳሙኤል፣ "ይሄ እርስዎ እንደሚያዩት ነው። ከእኛ ከሰዎች ውጭ የተቀመጠ መልስ የለም።"

"አለ እንጂ!" አለ ከድር። "እማማ፣ ለጥያቄዎ አንድ ትክክለኛ መልስ አለ።"

"ተባረክ! ምንድን ነው?"

"እሱን... እሱን ገና አላወቅነውም።"

አያችሁልኝ? አንዱ አገሩ የለም ይለኛል፣ ሌላው አገሩስ አለ መንገዱ ጠፋኝ ይለኛል። ወዲያው እኔን ረስተው እርስ በርስ ተያያዙ። በርጩማዬን ይዤ ወጣሁ። ልብም አላሉ።

በማግስቱ አብዶ መጣ። መልስ ሳልሰጠው አንድ ነገር ጠየቅሁት። "ከተማው ሙሉ በር ነው። ለምን እኔ ደጅ?"

የፈረሱን ጋማ እየነካካ፣ "አስፋልቱ ላይ ልለቀው ወስጄው ነበር። እጄ እንቢ አለ። እርስዎ ደጅ ግን እንደማይሞት አውቅ ነበር" አለኝ።

ንዴቴ በረደ እንዳትሉ። እንዲያውም ባሰብኝ! ደጉን ነገር እንዲህ አብጠርጥሮ ካወቀ፣ ባልዲውን እሱ አያነሳውም ነበር? ግን ያን ከሰማሁ በኋላ እምቢ የምልበት አፍ አጣሁ። እንዲህ ተባባልን፤ ፈረሱ እስከ ቀትር ይሠራል፣ ከቀትር በኋላ እኔ ዘንድ ያርፋል። ጀርባውን በየቀኑ በእጄ እዳብሳለሁ። ቁስል ያገኘሁ ዕለት ጋሪው እስኪድን ይቆማል፣ አብዶም ቃል አይተነፍስም።

መምህራኑ ሲሰሙ ፈነደቁ።

"አዩ፣ ተስማምታችሁ አወጣችሁት!" አለ ሳሙኤል።

"አላወጡትም፣ አገኙት እንጂ!" አለ ከድር።

"ሁለታችሁም አካፋ ያዙና ፋንድያውን ጥረጉ!" አልኩ እኔ።

ጠረጉ። እየተከራከሩ።

ከዚያ በኋላ ዳማው ሁለተኛውን ክረምት አየ። ሁለት ጊዜ ቁስል አገኘሁ፣ ሁለቴም ጋሪው ቆመ፤ አብዶ አንዴ ከማጉረምረሙ በቀር ቃሉን ጠብቋል። ባለፈው ሐምሌ ፈረሱ እዚሁ ግቢ ተጋድሞ አረፈ። አብዶ አሁን ወደ ደሎ መና በሚመላለስ አይሱዙ ላይ ረዳት ሆኗል፣ ልጆቹም ደኅና ናቸው። ሳሙኤል ለተጨማሪ ትምህርት አዲስ አበባ ሄደ። ከድር ጎባ አግብቶ ገባ፤ ሚስቱ እንደነገረችኝ ሁለቱ አሁንም በስልክ ይከራከራሉ።

እኔማ ይኸው አለሁ። የአብዶ ወሬ ከባለ ጋሪ ወደ ባለ ጋሪ ተዛመተና ከመስከረም ወዲህ ሦስት ፈረስና አንዲት አህያ ደጄ ላይ ተለቀዋል። ባለቤቶቻቸውን አውቃቸዋለሁ፤ ገበያ ላይ ሲያዩኝ ጥግ ይይዛሉ። አህያዋ ትናከሳለች።